የቅኔ መንደር፦ ዲማ፣ ደብረ ወርቅና የሞጣ መንገድ በሥነ ጽሑፍ ታሪካችን

መነሻ

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቈጠሩት ደራስያንና መጻሕፍት ናቸው። ደራሲው መቼ ተወለደ፣ የት ተማረ፣ መጽሐፉ በስንት ዓመተ ምሕረት ታተመ ተብሎ ይጠየቃል። «የት ተማረ» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ግን በአንድ ሐረግ ያበቃል፤ «በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምሮ» ይባልና ታሪኩ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ይሻገራል። ደብረ ወርቅ ምን ዓይነት ስፍራ እንደሆነ፣ በዲማ ተማሪው የማንን እንጀራ በልቶ፣ በማን ደጅ ቆሞ፣ በምን ጎጆ አድሮ እንደተማረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን የታለፈ ሐረግ ጥቂት ለመዘርዘር ይሞክራል። ትኩረቱም በምሥራቅ ጎጃም ከብቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር የሚገኙት የትምህርት መንደሮች ናቸው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ ይህ ነው፦ ቅኔን ያቆየው መምህሩ ብቻውን አይደለም፤ መምህሩን፣ ተማሪውንና ገበሬውን በአንድ ሥርዐት ያሰረው መንደር ጭምር ነው። ስለዚህ መንደሩን ሳያጠኑ ቅኔውን ብቻ መሰብሰብ ፍሬውን ለቅሞ ዛፉን እንደመርሳት ይቈጠራል።

ትምህርት ቤትና መንደር አንድ ላይ ያደጉበት ስፍራ በሌላውም ዓለም አለ። በሰሜን አሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት የምትገኘው ጋምቢየር የተባለች ትንሽ መንደር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ኬንየን ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1824 በፊላንደር ቼዝ ጳጳስነት ዘመን፣ በአብዛኛው ከእንግሊዝ አገር በተሰበሰበ ገንዘብ ተመሠረተ። ጳጳሱ ለትምህርት ቤቱ 8000 ኤከር፣ ማለትም 3200 ሄክታር ያህል መሬት ገዝተው ኮሌጁንና መንደሩን በዚያ ዱር ውስጥ ተከሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ባለቅኔውና ኀያሲው ጆን ክሮው ራንሰም «ኬንየን ሪቪው» የተባለውን መጽሔት በዚያው መንደር ማዘጋጀት ጀመረ። ግጥምን ቃል በቃል፣ ኅብረ ቃሉን እየፈተሹ የማንበብ ትምህርት ከዚያች መንደር ተነሥቶ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተሰማ።

የእኛዎቹ መንደሮች ከጋምቢየር በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማሉ። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ቤተ ክርስቲያን የተከለቻቸው መሆናቸው፣ መሬት ያቋቋማቸው መሆኑና ከከተማ ርቀው የቃልን ምስጢር መመርመራቸው ነው። የሚለያዩበት ነጥብ ግን የበለጠ ያስተምራል። ጋምቢየር ለተማሪው ማደሪያና ማእድ አሰናድታ ትጠብቀዋለች፤ የዲማ ተማሪ ማደሪያውን በእጁ ይሠራል፣ ማእዱን ከመንደሩ ይለምናል። ይህ ልዩነት የመንደሩን ጠባይም የትምህርቱንም መልክ ወስኖታል።

ስፍራውና መንገዱ

ምሥራቅ ጎጃም በሰሜንም በምሥራቅም በደቡብም በዐባይ በረሓ የተከበበ ደጋ ነው። በመካከሉ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ቆሟል። ሙጋና ሱሓን የመሳሰሉ ወንዞች ከዚያ እየተነሡ ሜዳውን ሰንጥቀው ወደ ዐባይ ይወርዳሉ። በተራራው ግርጌ ገብስና ድንች፣ ዝቅ ብሎ በብቸናና በደብረ ወርቅ ዙሪያ ባለው መረሬ መሬት ጤፍና ስንዴ ይበቅላል። የእናርጅ እናውጋ፣ የእነማይ፣ የእነብሴና የሁለት እጁ እነሴ ገበሬ በእህሉ የታወቀ ነው። ይህ ለትምህርቱ ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ተማሪ የሚከማቸው ቁራሽ በማይጠፋበት አገር ነውና።

ሁለተኛው ምክንያት መንገዱ ነው። ከበጌምድር ወደ ጎጃም የሚሻገር ሰው ከሞጣ በላይ ባለው የዐባይ ድልድይ በኩል ይመጣ ነበር። ይህ ድልድይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን አርበኞች የጣልያንን ጦር ለማገድ መካከሉን ስለሰበሩት «ሰባራ ድልድይ» የሚለው ስም ጸንቶበት ቀረ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል መንገደኛው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተሳበ ይሻገር ነበር። በ1994 ዓ.ም. ገደማ ተጠገነ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የወንዙ ሙላት ጥገናውን ወሰደው፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በአጠገቡ ተንጠልጣይ የብረት ድልድይ ተሠራ።

ድልድዩን በዚህ ጽሑፍ ማንሣት ያስፈለገው የትምህርቱ ካርታ ከመንገዱ ካርታ ጋር ስለሚገጥም ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በአንድ ስፍራ ተጀምሮ በዚያው አይፈጸምም። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አባ፣ አቋቋም ለመማር ጎንደር ይኬዳል። ቅኔ ፈላጊው ግን ዐባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ይመጣል። በትውፊት ከሚነገሩት ሦስት የቅኔ ቤቶች፣ ከዋድላ፣ ከዋሸራና ከጎንጅ፣ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። የባለቅኔው የተዋነይ ስም የሚነሣበት ጎንጅ ከሞጣ ብዙም አይርቅም። እንግዲህ የሞጣን ገበያ አቋርጦ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዲማ የሚያልፈው ልጅ ለአገሬው የዘወትር እይታ ነበር። ሞጣ የተማሪ በር ናት ቢባል አያስነቅፍም።

ገዳማቱ

በዚህ መስመር ላይ ሦስት ታላላቅ አድባራትና ገዳማት ይገኛሉ። ከብቸና አጠገብ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ ምሥረታው ለአቡነ ተከስተ ብርሃን ይሰጣል። ደብረ ወርቅ ማርያም በአቡነ ሠርፀ ጴጥሮስ ስም ትታወቃለች፤ በትውፊት ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት የምትባለው የእመቤታችን ሥዕል በዚያ ትገኛለች። ሦስተኛዋ በእነብሴ ሳር ምድር ያለችው መርጡለ ማርያም ናት። ይህችን ቤተ ክርስቲያን በ1514 ዓ.ም. ገደማ ያረፈችው ንግሥት እሌኒ አሳንጻታለች። ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1540 በታተመው መጽሐፉ ንግሥቲቱ በጎጃም ስላሠራችው ቤተ ክርስቲያን ይናገራል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን እንደገና አንጸዋት ነበር፤ የተጠረበው ድንጋይ ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል። እሌኒ ሁለት የምስጋና መጻሕፍት እንደደረሰች ይነገርላታል። ስለዚህ የዚህ አገር የጽሕፈት ታሪክ ሲነሣ በመጀመሪያዎቹ ስሞች መካከል የአንዲት ሴት ስም መገኘቱን ልብ ማለት ይገባል። ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እንመለስበታለን።

ገዳማቱ ትምህርቱን የሚያኖሩ ምሰሶዎች ናቸው። በዓል የሚከበረው፣ ቅኔው የሚቀርበው፣ መጽሐፍ የሚጠበቀው በእነርሱ ነው። ትምህርቱ የሚካሄደው ግን በመቅደሱ ውስጥ ሳይሆን ከቅጥሩ ውጭ፣ በመምህሩ ቤትና በተማሪዎቹ ጎጆዎች መካከል ነው። የቅኔ መንደር የሚባለውም ይህ ነው።

የመንደሩ ውሎ

መምህሩ «የኔታ» ይባላሉ። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሆኖ ዙሪያውን የተማሪ ጎጆዎች ከብበውታል። ጎጆው ከጭራሮና ከሣር የሚሠራ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ተጎንብሶ የሚገባበት፣ እሳት ከነደደ ጭስ የሚሞላበት ነው። የሚሠራውም ተማሪው ራሱ ነው፤ እርሱ ሲሄድ ሌላው ይወርሰዋል ወይም ፈርሶ ማገዶ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ የመንደሩ አካል ዘወትር ይታደሳል፤ ትምህርት ቤቱ የብዙ መቶ ዓመት ዕድሜ ሲኖረው ከጎጆዎቹ አንዱም ዐሥር ዓመት ያልሞላው ሊሆን ይችላል።

የቅኔው ውሎ የራሱ ሥርዐት አለው። ሲመሽ ተማሪዎቹ በየኔታ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ መምህሩ በየዓይነቱ ቅኔ እያወጡ ምስጢሩንና አገባቡን ይዘረዝራሉ። ይህ «ቆጠራ» ይባላል። በነጋው ተማሪው ብቻውን ወደ ዱር፣ ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ መቃብር ስፍራ ይሄዳል። ደበሎውን ተከናንቦ፣ ከሰው ተለይቶ፣ የሰማውን መንገድ እያሰበ የራሱን ቅኔ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። ከቀትር በኋላ ተመልሶ በየኔታ ወይም በአስነጋሪው ፊት ያሰማል። ይህም «ነገራ» ነው። ቅኔው ቢጎድል ይታረማል፣ ቢበላሽ ይጣላል፣ ቢሰምር ተማሪው አንድ እርከን ይወጣል።

እርከኑ የሚለካው በቅኔው ዓይነት ነው። ጀማሪው ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይነሣል። ከዚያ ሦስት ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚ በዝኁ፣ አምስት ቤት ወዳለው ዋዜማ፣ ስድስት ቤት ወዳለው ሥላሴ እያለ ያድጋል። ስምንት ቤት ባለው መወድስ ላይ ሲደርስ ብዙው ይንገዳገዳል፤ መወድስን የደፈረ ግን ባለቅኔ ለመባል ተቃርቧል። ዕጣነ ሞገር ደግሞ እንደዓይነቱ ሰባት ወይም ዐሥራ አንድ ቤት ይኖረዋል። ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት፣ በግእዝ፣ በቃል ብቻ ማዋቀር የሚጠይቀውን ጕልበት የሞከረው ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ትልቅ ቁም ነገር የሆነ አንድ ሕግ አለ። ቅኔ አይደገምም። ትናንት የተሰማው ቅኔ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ዛሬ የራሱ ባለቤት እንኳ ደግሞ ሊያቀርበው አይገባም፤ የሌላውን ማቅረብማ ስርቆት ነው። ለየበዓሉ አዲስ ቅኔ ያስፈልጋል። ሕጉ የፈጠራን ምንጭ ሳያደርቅ አኑሯል፤ በአንጻሩ ግን የተፈጠረው ሁሉ በዚያው ቀን እንዲያልፍ አድርጓል። በአንድ ደብር በአንድ ዓመት የሚሰማው ቅኔ ቢጻፍ ራሱን የቻለ መድበል በወጣው ነበር። የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያሳተሙትን መጽሐፈ ቅኔና መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ በ1963 ዓ.ም. ያወጡትን ዝክረ ሊቃውንት የመሰሉ ስብስቦች ዋጋቸው ትልቅ የሚሆነው ስለዚህ ነው። የቀረው ሁሉ የሚኖረው «የኔታ እገሌ በዚህ በዓል እንዲህ ብለው ነበር» ብሎ በሚያስታውስ ሰው አፍ ነው። የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የመንደሩ ሰው ትዝታ ነው ማለት ነው።

እህልና ቅኔ

ተማሪው ቁራሹን የሚያገኘው በልመና ነው። በየሰፈሩ ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ የቤቱ ውሻ ይጮኻል፣ ተማሪው በበትሩ ይከላከላል፣ የቤቱ እመቤት የተረፈውን እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ትሰጠዋለች። «የቆሎ ተማሪ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ይህ ልመና ከተራ ልመና ይለያል። ሰጪው ጽድቅ ያገኝበታል፣ ተቀባዩ ትዕቢቱን ይሰብርበታል፤ ሁለቱም ሥራዬ ብለው የያዙት ነገር ነው። የባለጸጋ ልጅ እንኳ ቢሆን ስንቁን ከቤቱ እያስመጣ መማር እንደ ነውር ይቈጠርበታል።

ሆኖም በመንደሩና በተማሪው መካከል ያለው ፍቅር ብቻ አይደለም። ገበሬው ተማሪን ያከብራል፤ ይፈራዋልም። አስማት ያውቃል፣ ዐብሾ ጠጥቷል፣ እርግማኑ ይደርሳል ይባላል። ተማሪውም በበኩሉ የነፈገውን ቤት በቅኔ ይወጋዋል፤ የሰጠውን ያመሰግነዋል። ሰሙ ቅዱሱን ሲያወድስ ወርቁ የመንደሩን ሹም ወይም ንፉጉን ባለጸጋ የሚነካ ቅኔ በበዓል ቀን ሲሰማ፣ የገባቸው ፈገግ ይላሉ፣ ያልገባቸው «አሜን» ይላሉ። በሰምና ወርቅ መናገር የቃል ጌጥ ብቻ ሆኖ የቀረ አልነበረም። ከሚያበላው ሰው ደጅ እየቆመ እውነትን መናገር ለሚፈልግ ድኻ ምሁር መሸሸጊያው ነበር። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ይህን አነጋገር ከአማራው ኅብረተሰብ ጠባይ ጋር አያይዞ መርምሮታል። ጥያቄውን ወደ መንደሩ ዝቅ አድርጎ ማን ለማን፣ በማን ፊት ይቀኝ ነበር ብሎ መጠየቅ ደግሞ የእኛ የቤት ሥራ ነው።

የመምህሩ ኑሮ የተመሠረተው በመሬት ላይ ነበር። ደብሩ ርስተ ጉልት ነበረው፤ መምህሩና ካህናቱ በአገልግሎታቸው ልክ ከመሬቱ ይካፈሉ ነበር። በጎጃም ገበሬውም በአብዛኛው ባለ ርስት ስለነበር ለተማሪው የሚሰጠው ከራሱ ጎተራ እንጂ ከጌታው አልነበረም። ይህ የባለቤትነት ስሜት ምን ያህል የጠነከረ እንደነበር በ1960 ዓ.ም. ታይቷል። መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ባወጣ ጊዜ የሞጣና የብቸና ገበሬ «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው» ብሎ ተነሣ። ጦር ቢዘምትበት፣ አውሮፕላን ቢላክበት አልበረደም፤ በመጨረሻም መንግሥት ገዢውን ማንሣትና ግብሩን ማላላት ግድ ሆነበት። ተማሪን የሚያበላው ይህ ገበሬ ነበር፤ የሚሰጠውን በፈቃዱ የሚሰጥ፣ የማይሰጠውን በግድ የማይነጠቅ።

ወደ እሌኒ ነገር እንመለስ። መንደሩን ማን ያበላ ነበር ብንል መልሱ «ሴቲቱ» ነው። እህሉን የምትፈጨው፣ እንጀራውን የምትጋግረው፣ ደጅ ላይ ወጥታ የምትሰጠው እርሷ ናት። የታመመውን ተማሪ የምታስታምም፣ አገሩ ሩቅ ለሆነው ልጅ እንደ እናት የምትሆን እርሷ ናት። በጉባኤው ውስጥ ግን ስፍራ አልነበራትም። ከዚህ ልማድ የወጡ አልታጡም፤ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚያው በጎጃም ወንበር ዘርግተው ወንዶችን ቅኔ ያስተማሩ መምህርት ነበሩ። የእርሳቸው ስም ጎልቶ የሚነሣውም ብርቅ ስለሆነ ነው። የቅኔ ታሪክ ሲጻፍ በደጅ ቆማ ያበላችውን ሴት ሳይጠቅስ ካለፈ የታሪኩ ግማሽ ጎደለ ማለት ነው።

ከመንደሩ ወደ ልቦለዱ

የዚህን መንደር መልክ በጽሑፍ ያኖሩልን ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከተከታተሉ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ደራሲው ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው።

ልቦለዱ ብዙ ጊዜ እንደ ፍቅር ታሪክ ወይም እንደ ሥርዐተ ማኅበር ነቀፌታ ይነበባል። ሁለቱም ንባቦች ትክክል ናቸው፤ ሆኖም የትምህርት መንደር ታሪክ ሆኖም ሊነበብ ይችላል። በዛብህ የእናቱ ስእለት ያሰረው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነው። ዕውቀቱ ከማንኩሳ የገበሬ ጎጆ አውጥቶ እስከ ፊታውራሪ መሸሻ አዳራሽ ያደርሰዋል፤ የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ ይገባል። በአዳራሹ ደጃፍ ግን ዕውቀት የማይከፍተው የዘር በር ይጠብቀዋል። የቅኔ መንደር ለድኻው ልጅ የከፈተውን መንገድ የባላባት ቤት እንዴት እንደሚዘጋበት ከዚህ የበለጠ ያሳየን የለም። በመንደሩ ሕግ ተማሪው በሁሉም ደጅ ሊቆም ይችላል፤ ከደጁ አልፎ መግባት ግን አይፈቀድለትም።

ጉዱ ካሣም እንዲሁ። ብዙ ተንታኞች ጉዱ ካሣን ከዘመኑ የቀደመ፣ ከሰማይ የወረደ ተራማጅ አድርገው ያዩታል። ከላይ የተነገረውን ያስተዋለ አንባቢ ግን በሰምና ወርቅ ሲናገሩ ከኖሩ ሊቃውንት ጋር ያገናኘዋል። ልዩነቱ እርሱ ሰሙን ጥሎ ወርቁን ገልጦ መናገሩ ነው፤ «ጉዱ» ያሰኘውም ይኸው ነው። በቅኔ ቢናገረው የሚደነቅበትን ነገር በገሃድ ስለተናገረው እብድ ተባለበት። የፊታውራሪን ትርፍ ግብር እምቢ ብለው በአበጀ በለው መሪነት የሚነሡት ገበሬዎች ደግሞ የሌላ እውነት ምስክሮች ናቸው፤ ልቦለዱ ከወጣ ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ የሞጣና የብቸና ገበሬ በእውን ተነሥቷል። ደራሲው ትንቢት ተናገሩ ማለት አያስፈልግም፤ ያደጉበትን አገር ጠባይ ያውቁት ነበር።

ይህን በአንድ ላይ ስናየው መንደሩ ለልቦለዱ መቼት ከመሆን ያልፋል። የገጸ ባሕርያቱን አነጋገር፣ የግጭቱን ምክንያት፣ የስላቁን መንገድ የሰጠ እርሱ ነው። ዘመናዊው የአማርኛ ልቦለድ ከአውሮፓ የወሰደውን ለመቁጠር ብዙ ተደክሟል፤ ከደብረ ወርቅና ከዲማ የወሰደውን ለመቁጠር ገና ብዙ ይቀራል።

የሥርዐቱ መናጋት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነጻነት እንደነበረ የታወቀ ነው። በአድባራቱ በኩል ግን መምህሩ ይተዳደርበት የነበረው መሬት በአንድ ቀን ከእጅ ወጣ። ወንበር የዘረጋ መምህር ከዚያ በኋላ የሚኖረው በምእመኑ መዋጮና በራሱ ትዕግሥት ሆነ። በዚያው ዘመን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በየወረዳው ተስፋፉ፤ ደመወዝ የሚያስገኘው ትምህርት የትኛው እንደሆነ ለወላጅ ግልጽ ሆነለት። የገበሬውም ይዞታ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተሸነሸነ ሲሄድ ለደጅ ቆሞ ለማኝ የሚተርፈው አነሰ።

ይሁን እንጂ መንደሮቹ አልጠፉም። ጉባኤው ቀጥሏል፤ የሚያስመሰክሩ ተማሪዎችም አልታጡም። የተለወጠው ሚዛኑ ነው። ቀድሞ መሬቱ መምህሩን፣ መምህሩ ተማሪውን፣ ተማሪው በዓሉን፣ በዓሉ መንደሩን ይመግብ ነበር። አሁን ከሰንሰለቱ የመጀመሪያው ቀለበት ወልቋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ደግሞ ሁለተኛውን ምሰሶ፣ መንገዱን፣ ነክቶታል። ሥርዐቱ የቆመው እንግዳ ልጅ ካገሩ ርቆ በማያውቀው ሰው ደጅ ያለ ፍርሃት መቆም በመቻሉ ላይ ነበር። በሥጋት ዘመን የማያውቁትን ሰው ማሳደር ይከብዳል፤ ላገሬውም ለተማሪውም።

ምን እናድርግ

ከላይ እንደተባለው ቅኔ አይደገምም። መምህር ሲያርፍ፣ አስነጋሪ ሲሰደድ፣ በልጅነቱ ሰምቶ የያዘው ሽማግሌ ሲሞት አብሮ የሚቀበረው ሌላ ቦታ ግልባጩ የሌለው ሥራ ነው። በብራና የተጻፈው ገድል በማይክሮፊልም ሊነሣ ይችላል፣ ብዙውም ተነሥቷል፤ ለትዝታ ግን ማይክሮፊልም የለውም። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ጽፈው «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው ባያሳትሙልን ኖሮ፣ የአንድ ዘዋሪ ተማሪ ሕይወት ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል የምናውቀው ምን ያህል በሆነ ነበር? አለቃ እንባቆም ቃለ ወልድም የትምህርቱን ሥርዐት በጽሑፍ ባያኖሩት ብዙው ነገር ለውጭው አንባቢ እንደተዘጋ በቀረ ነበር። ሁለቱም ሥራዎች የአንድ ሰው ትጋት ፍሬ ናቸው። ለአንድ ክፍለ ትምህርት የሚሳነው ነገር አይደለም።

ሥራውን በሦስት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው ቅኔውን ከነአጋጣሚው መመዝገብ ነው፤ ቅኔው በየትኛው በዓል፣ በማን ፊት፣ ማንን ነክቶ እንደተሰማ ካልተጻፈ ሰሙ ይገኛል፣ ወርቁ ይጠፋል። ሁለተኛው የመንደሩን ሰው መጠየቅ ነው፤ ለመምህሩ ብቻ ሳይሆን ለገበሬውም፣ በተለይም ደጇ ላይ ተማሪ ስታበላ ለኖረችው ሴት መቅረጸ ድምፅ መዘርጋት ይገባል። እርሷ የምታውቀውን የኔታ አያውቁትም። ሦስተኛው በአቅራቢያ ያለውን ተቋም መጠቀም ነው። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የሰየመው የባህል ጥናት ተቋም አለው፤ ዲማና ደብረ ወርቅ ለእርሱ የቅርብ ጎረቤት ናቸው። በአዲስ አበባ ያለው ተመራማሪ ለሳምንት ሄዶ ከሚሰበስበው ይልቅ ያገሩ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከበዓል በዓል ተከታትሎ የሚመዘግበው ይበልጣል።

በመጨረሻም የማስተማሪያ ነገር አለ። ተማሪዎቻችን ስለ ኅብረ ቃልና ስለ ድርብ ፍቺ ሲማሩ ከኬንየንና ከሌሎች የምዕራብ ትምህርት ቤቶች የመጡ ንድፈ ሐሳቦችን ያነባሉ፤ ማንበባቸውም መልካም ነው። ነገር ግን ያው ጥበብ በጎጃም ደጋ፣ በጭስ ጎጆ ውስጥ፣ ማታ በቆጠራ ጧት በዱር ሲፈተሽ መኖሩን ሳያውቁ እንዲመረቁ መተው የለብንም። አንድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዞ ዲማ ቢወርድ፣ የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ አንዲት ጉባኤ ቃና ሲታረም ቢሰማ፣ ከዚያም ለተማሪው ቁራሽ የሰጠችውን ባለቤት ስሟን ጠይቆ ቢጽፍ፣ የተጓደለው የታሪክ ሐረግ መሞላት ይጀምራል።